የፍራንከንስታይን ፍጡር ግድግዳችሁ ላይ፦ የትኛው ሥዕል፣ በየትኛው መስታወት?

ሳሎኔ ውስጥ መጀመሪያ የሰቀልኩት አረንጓዴ ፊት ነበር። ጭንቅላቱ ከላይ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ግራና ቀኝ ብሎን የተሰካበት። ሁለት ወር አልቆየም። ያወረድኩት አስፈርቶኝ ሳይሆን ሰልችቶኝ ነው። ስገባም ስወጣም ያው አንድ ፊት። በሳይንስ ፊክሽን ውስጥ እንደዚህ ፍጡር አንጀት የሚበላ ገጸ ባሕርይ አላውቅም። የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የሜሪ ሼሊን "ፍራንከንስታይን" ልቦለድ ሳነብ ያባባኝ እሱ ግን ግድግዳዬ ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሥዕል ገዛሁ። አንዱን በመስታወቱ፣ አንዱን በመጠኑ ምክንያት አወረድኩት። ሦስተኛው አሁንም አለ። ይህን ገጸ ባሕርይ ወይም እሱን የመሰለ ሌላ አሳዛኝ ገጸ ባሕርይ ለመስቀል የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ በገንዘቤ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

መጀመሪያ ማንን እንደምትሰቅሉ

ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ስም አይደለም። የሠራው ተማሪ የቪክተር የቤተሰብ ስም ነው። ፍጡሩ ስም የለውም። ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ሠሪው አይቶት ሸሸ፣ ስም የሚያወጣለትም ጠፋ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ ይኼ ምስኪን መልኩንም ስሙንም አጣ።

ሜሪ ሼሊ ታሪኩን መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ነው። ያኔ 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ ለንደን ውስጥ ጃንዋሪ 1 ቀን 1818 ሲወጣ የእሷ ስም አልተጻፈበትም። እሷ የገለጸችው ፍጡር አረንጓዴ አይደለም፣ ብሎንም የለውም። ቁመቱ 8 ጫማ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ገደማ ነው። ቆዳው ቢጫ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ጡንቻና የደም ሥር እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ፀጉሩ ጥቁርና ዘንፋላ፣ ጥርሱ እንደ ሉል ነጭ፣ ከንፈሩ ጥቁር። ቪክተር አካላቱን መርጦ የሰበሰበው ቆንጆ ይሆናል ብሎ ነበር።

የሚያባባው የሕይወቱ ክፍል ከዚያ ይቀጥላል። ቋንቋ የተማረው በግድግዳ ቀዳዳ አጮልቆ አንድ ድሃ ቤተሰብ እያየ ነው። ሌሊት እንጨት ይለቅምላቸዋል፤ እነሱ ማን እንደሚያመጣላቸው አያውቁም። በደግ ቃል ያናገረው ሰው ዓይነ ስውር ሽማግሌ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የገዛ መልኩን ያየ ቀን ደነገጠ። ከወንዝ ልጅ አወጣ፣ ለውለታው በጥይት ተመታ። በኋላ ገዳይ ይሆናል፤ ይህንንም መርሳት የለብንም። መጨረሻው የሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ነው። የበረዶ ስባሪ ላይ ሆኖ ማዕበሉ ወደ ጨለማው ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ ሥዕል ስትመርጡ አንዲት ፈተና አለችኝ። ፊቱን በእጃችሁ ሸፍኑት። ሐዘኑ አሁንም ይታያል? በእጆቹ፣ በትከሻው አቀማመጥ፣ ከሌሎቹ ሰዎች በራቀበት ርቀት ላይ ይነበባል? ከተነበበ፣ ያ ሥዕል ዓመታት ያስቆያል። ፊቱ ሲሸፈን ምንም የማይቀር ከሆነ የገዛችሁት ጭንብል ነው። የእኔ አረንጓዴ ሰውዬ እዚህ ፈተና ላይ ወደቀ።

አምስት ዓይነት ሥዕል፣ አምስት ዓይነት ስሜት

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። ግን ብዙዎቹ ከአምስት ምድቦች አይወጡም።

የመጀመሪያው በ1831 ታርሞ በወጣው እትም መግቢያ ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ነው። የሣለው ቴዎዶር ፎን ሆልስት ነው። በብረት ሳህን ላይ ተቀርጾ የታተመ ስለሆነ ጥላው ሁሉ በቀጫጭን መስመሮች የተሠራ ነው። ፍጡሩ ራቁቱን ወለል ላይ ተቀምጧል። እግሮቹ ተዘርግተዋል፣ ሥሩ አጽም አለ። አፉን ከፍቶ ቁልቁል ያያል፤ ገና የተወለደ ሕፃን የገዛ አካሉን ሲያገኝ እንደሚሆነው። በስተቀኝ ቪክተር ወደ በሩ እየሸሸ ነው። ፊቱን ሸፍኑት፦ አንዱ መሬት ላይ፣ ሌላው በር ላይ። ታሪኩ በሙሉ እዚያ አለ። ሥዕሉ ከባለመብትነት ገደብ ነፃ ስለሆነ ብዙ ሰው ያትመዋል፤ ጥራቱም የዚያኑ ያህል ይለያያል። ዋናው በትንሽ መጽሐፍ ገጽ ላይ የነበረ ነው። ከልኩ በላይ ሲለጠጥ መስመሮቹ እንደ አጥር ይሆናሉ። በ30 በ40 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ ሰፊ ነጭ ኅዳግ ተደርጎለት ሲታይ ነው የሚያምረው።

ሁለተኛው በ1931 የወጣው "ፍራንከንስታይን" ፊልም ላይ ያለው ፊት ነው። ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ፣ ሜካፑን የሠራው ጃክ ፒርስ ነው። ጠፍጣፋውም ጭንቅላት፣ ብሎኑም ከዚህ መጣ። ፊልሙ ራሱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ አረንጓዴው ቀለም ሕዝብ ጭንቅላት ውስጥ የገባው በፖስተርና በኋላ በመጡ ሸቀጦች ነው። ይህን ከመረጣችሁ ፊቱ ብቻ የሞላበትን ተዉት። ፍጡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃን ሲያይ እጆቹን ወደ ላይ የሚዘረጋበትን ትዕይንት ፈልጉ። እጆቹ ብርሃኑን ሊይዙ ይሞክራሉ፣ አይዘውም። የእጅ ፈተናውን በሚገባ ያልፋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይህ መልክ የዩኒቨርሳል ፊልም ኩባንያ ነው። በአሜሪካ ሕግ የዚያን ዓመት ፊልም የሚጠብቀው የ95 ዓመት ገደብ የሚያበቃው በ2026 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ኅትመት ግዙ። ፈቃድ የሌላቸው ብዙውን ጊዜ ከስክሪን የተቀዱ ናቸው፤ ጥቁሩ ላይ ነጠብጣብ ይታያል።

ሦስተኛው የጥቁርና ነጭ መጽሐፍ ሥዕሎች ነው። አሜሪካዊው ሊንድ ዋርድ ለ1934 እትም በእንጨት ላይ ቀርጾ ሠራቸው። በርኒ ራይትሰን ደግሞ ለዓመታት ደክሞ፣ በ1983 በብዕርና በቀለም የሣላቸውን አወጣ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የዋርድ ፍጡር ከጥቁሩ ውስጥ በነጭ መስመር ተፈልቅቆ የወጣ ነው፣ ሰውነቱ የተጣመመ፣ የሚያምመው የሚመስል። ከሩቅ ይነበባል። ራይትሰን ግን ቅርብ መጥታችሁ እንድታዩ ያስገድዳችኋል። ጠርሙሱ፣ ገመዱ፣ የእንጨቱ ስንጥቅ፣ ሁሉም በመስመር ተሠርቷል። እሱን ሶፋ በላይ መስቀል ሥዕሉን መቅበር ነው፤ ማን ሶፋ ላይ ወጥቶ ያየዋል? የሥራ ጠረጴዛችሁ አጠገብ፣ በተቀመጣችሁበት በዓይናችሁ ልክ ስቀሉት።

አራተኛው የእኔ ምርጫ ነው። ፍጡሩ የሌለበት ሥዕል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ በ1823 እና 1824 የሠራው "የበረዶ ባሕር" ሃምቡርግ ሙዚየም ውስጥ አለ። ከመጽሐፉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ግን የበረዶ ንጣፎች እንደ ፈረሰ ቤት ተደራርበው፣ በስተቀኝ በኩል የተሰባበረች መርከብ ልትታይ ምንም አልቀራት፣ ልትጠፋም ምንም አልቀራት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ያላነበበ ቆንጆ የበረዶ ሥዕል ያያል። ባልና ሚስት "ጭራቅ ሳሎን ውስጥ አልፈልግም" ብለው ከተጣሉ ይሄ አስታራቂ ነው።

አምስተኛው የዘመኑ ዲጂታል ሥዕል ነው። እዚህ ላይ ጥሩም መናኛም አለ፣ አጭር ምክር ብቻ፦ የሠዓሊው ስም ከሌለበት አትግዙ። ጣቶቹን ቁጠሩ፣ የስፌቱን መስመር ከጉንጭ እስከ አንገት በዓይናችሁ ተከተሉ። ስፌቱ ከየትም ጀምሮ የትም ከቀረ፣ ሰው አስቦ አልሠራውም።

ባጭሩ መፍረድ ካስፈለገ፣ ለሳሎን በረዶው ወይም ዋርድ፣ ለሥራ ክፍል ራይትሰን ወይም የ1831ዱ፣ ለኮሪደር እጆቹን የዘረጋው የፊልሙ ፍጡር። ለመኝታ ቤት? እኔ አልሰቅልም። ሌሊት ውሃ ለመጠጣት ስትነሱ 2.4 ሜትር ሰውዬ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ማየት ከሥነ ጥበብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ወረቀት፣ ሸራ ወይስ ብረት

ይህ ምርጫ በመረጣችሁት ሥዕል ላይ ይንጠለጠላል፤ ሻጮች ግን ለሁሉም ሁሉንም ይሸጣሉ።

ቀጫጭን መስመር ላለው፣ ማለትም ለ1831ዱ፣ ለዋርድና ለራይትሰን፣ ከወረቀት ውጪ ሌላ አታስቡ። የማያብለጨልጭ፣ አሲድ የሌለው፣ ቢቻል ከጥጥ የተሠራ። ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 310 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ እርጥበት ሲነካው ይጨማደዳል። "ዢክሌ" የሚል ቃል ካያችሁ አትደንግጡ። በ1991 አካባቢ ጥራት ላለው የኢንክጄት (ቀለም በሚረጭ ማተሚያ የሚሠራ) ኅትመት የወጣ ስም ነው። ስሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ቀለሙ ፒግመንት (የማይሟሟ የቀለም ብናኝ) ነው ወይስ ዳይ (በፈሳሽ የሟሟ ቀለም)? ፒግመንት ብርሃን ላይ እጅግ የተሻለ ይቆያል። ዳይ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ጥቁሩም ቀስ በቀስ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ እየመሰለ ይሄዳል።

ሸራ መስታወት አይፈልግም፣ ስለዚህ ብርሃን አያንጸባርቅም። ለበረዶው ሥዕል በጣም ይሄዳል፤ ዋናውም ሸራ ላይ የተሣለ ዘይት ቀለም ነው። ለመስመር ሥዕል ግን የሸራው ሽመና መስመሩን ይበላዋል። ሌላም ወጥመድ አለው። ሸራው እንጨቱን ሲያለብስ ከእያንዳንዱ ጎን 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ይታጠፋል። እጆቹን የዘረጋ ፍጡር ካዘዛችሁ፣ ጣቶቹ ታጥፈው ግድግዳው ጋ ሊቀሩ ይችላሉ። ከማዘዛችሁ በፊት ጠርዙ በነጭ ወይም በጥቁር እንዲሆን ጠይቁ።

አሉሚኒየም ላይ የሚታተመው ያበራል፣ ቀለሙ ይጮኻል። ለጠፈር መርከብና ለሮቦት ጥሩ ነው። በሻማ ብርሃን ዘመን ለኖረ ብቸኛ ፍጡር ግን አይሆንም። አለቀ።

መስታወቱ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

ያወረድኩት አንደኛው ሥዕል እነሆ። ጥቁር የበዛበት፣ ፍጡሩ ጥግ ላይ በትንሽ ብርሃን የተቀመጠበት ነበር። ከመስኮት ፊት ለፊት ሰቀልኩት፣ በተራ መስታወት። ቀን ላይ የማየው መስኮቱን፣ መጋረጃውንና የራሴን ጭንቅላት ነው። ፍጡሩ ውሃ ውስጥ መልኩን ያየበት ትዕይንት በእኔ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ለአንድ ሳምንት አሳቀኝ፣ ከዚያ አናደደኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ተራ መስታወት ከፊቱና ከኋላው 4፣ 4 በመቶ፣ በድምሩ 8 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ነጭ የበዛበት ሥዕል ይህን ይሸፍነዋል፤ ከወረቀቱ የሚመለሰው ብርሃን ይበልጣልና። ጥቁር ሥዕል ግን ራሱ የሚመልሰው ብርሃን በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የመስታወቱ 8 በመቶ ያሸንፈዋል። አሳዛኝ ገጸ ባሕርያት ደግሞ ሁሌም ጨለማ ውስጥ ነው የሚሣሉት። ችግሩ የዚህ ዓይነት ሥዕል የራሱ ችግር ነው።

መፍትሔው ሦስት ነው። ነጸብራቅ የማይመልስ ልባስ ያለው መስታወት ከ1 በመቶ በታች ብቻ ይመልሳል። መስታወት መኖሩን ትረሱታላችሁ። ውድ ነው፣ ግን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከጌጠኛ ፍሬም ቀንሶ እዚህ ቢያውለው ይሻላል። ሁለተኛው ላዩ የሻከረ መስታወት ነው። ርካሽ ነው፣ ነጸብራቁን ይበትነዋል፣ ግን ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል፣ መስመሩንም ያደበዝዛል። ለራይትሰን ሥዕል ይህን መጠቀም ግፍ ነው። ሦስተኛው በነፃ ነው፦ ሥዕሉን ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ማድረግ። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነው።

አክሪሊክ የሚባለው መስታወት መሰል ፕላስቲክስ? ክብደቱ ከመስታወት ግማሽ በታች ነው። 50 በ70 ሴንቲሜትር ለሆነ ሥዕል የ2 ሚሊሜትር መስታወት 1.75 ኪሎ ይመዝናል፤ አክሪሊኩ 0.8 ኪሎ ገደማ። በቀላሉ አይሰበርም፣ ስለዚህ በፖስታ ለሚላክና ልጆች ላሉበት ቤት እሱ ይሻላል። ግን ይጫራል፣ አቧራም ይስባል። አሞኒያ ባለው የመስታወት ማጽጃ አትንኩት፤ ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ትልቅ ሥዕል ከሆነ አክሪሊክ፣ ትንሽ ከሆነ መስታወት። ሁለቱም አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያግድ ዓይነት አላቸው፤ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ከሆነ እሱን ጠይቁ። እሱም ቢሆን ያዘገያል እንጂ መደብዘዝን አያስቀርም።

በሥዕሉና በፍሬሙ መካከል የሚገባውን የካርቶን ኅዳግ አትዝለሉት። ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ሥዕሉን ከመስታወቱ ያርቀዋል። የሚነካካ ከሆነ እርጥበት ሲገባ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። ካርቶኑ አሲድ የሌለው ይሁን። መናኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ ውስጠኛው ጠርዙ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ሥዕሉንም ያቆሽሻል። ለ1831ዱ ሥዕል 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ኅዳግ ወድጄለታለሁ። ትንሽ ሥዕል በብዙ ባዶ ነጭ መሃል። ብቸኛ ለሆነ ፍጡር ይስማማዋል።

መጠን ላይ ጉድ የሠራኝ ነገር

ሦስት ገዛሁ ካልኳችሁ ውስጥ ሁለተኛውን ያወረድኩት በራሴ ችኮላ ነው። ሻጩ ያሳየው ፎቶ ላይ ሥዕሉ ከሶፋው በላይ ግድግዳውን ሞልቶት ነበር። የመጣልኝ ግን የደብተር ወረቀት የሚያህል። መጠኑ ከታች በትንሹ ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩም። እነዚያ ፎቶዎች በኮምፒውተር የተቀናበሩ ናቸው፤ ሶፋውም የለም፣ ግድግዳውም የለም። ከማዘዛችሁ በፊት ጋዜጣ በልኩ ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና ሁለት ቀን እዩት። ከሶፋ በላይ ከሆነ የሶፋውን ስፋት ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢይዝ ደስ ይላል።

ፋይል ገዝታችሁ ራሳችሁ የምታሳትሙ ከሆነ ፒክስሉን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸውን ነጥቦች፣ ቁጠሩ። ለ40 በ50 ሴንቲሜትር በጥሩ ጥራት 4724 በ5906 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ይህ በኢንች 300 ፒክስል ነው። ከሩቅ ለሚታይ ሥዕል ግማሹም ያስኬዳል። ለመስመር ሥዕል ግን አትደራደሩ። አታሚው "በሶፍትዌር እናሳድገዋለን" ካላችሁ፣ መስመሮቹን ማሽኑ ገምቶ ይሞላቸዋል ማለት ነው።

ቅርጹንም አስሉ። የበረዶው ሥዕል ዋናው 96.7 በ126.9 ሴንቲሜትር ነው። 60 በ80 ፍሬም ውስጥ ከሞላ ጎደል ሳይቆረጥ ይገባል። 50 በ70 ላይ ግን ፍሬሙን ለመሙላት ከላይ ሰማዩን ወይም ከታች በረዶውን ይቆርጡላችኋል። ይልቅ ነጭ ኅዳግ እንዲተዉለት ንገሯቸው።

ፍሬሙና ሚስማሩ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ጠንካራ እንጨት ይቆያል፣ ቢጫርም ይታደሳል። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ርካሽ ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ማዕዘኑ ላይ ያብጣል። አሉሚኒየም ቀጭን ሆኖ ትልቅ ሥዕል ይሸከማል። ፕላስቲኩን ለጊዜያዊ ፖስተር ተዉት። ቀለሙ ቀጭን ጥቁር ወይም ያልተቀባ እንጨት ይሁን። ወርቃማ ጌጠኛ ፍሬም የ1831ዱን ሥዕል ያምርበታል የሚሉ አሉ፤ እኔ ሞክሬው የቪክተር አያት ሥዕል መሰለብኝ። ፍሬም ቤት ሄዳችሁ ስትመርጡ ማዕዘኑን አገላብጣችሁ እዩ። በ45 ዲግሪ የተቆረጡት ሁለት እንጨቶች ሲገናኙ ክፍተት ካላቸው፣ ከዓመት በኋላ ክፍተቱ ይሰፋል።

ሥዕሉ መሃሉ ከወለል 145 እስከ 150 ሴንቲሜትር ላይ ቢውል ለቆመ ሰው ልክ ነው። እኔ የበረዶውን ሥዕል ከዚያ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ፊት ለፊቱ ወንበር አለ፣ የማየው ተቀምጬ ነው። በአንድ ሚስማር አትስቀሉት። ሁለት፣ በመሃላቸው አንድ ጋት ያህል ርቀት ያላቸው። በር በተዘጋ ቁጥር አይዘምም።